ሕያው ሕዋሳትን ያለ ቀለምና ያለ አንቲቦዲ መመርመርና መለየት፦ የአባላት ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎ አካባቢ የምንሰባሰብ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በዚህ ሳምንት የመልስ ወንበሩን የሰጠነው፣ ሕዋሳትን እንደ ቀለም ወይም አንቲቦዲ ያለ ምንም መለያ ሳይለጥፉባቸው በተፈጥሯዊ ባሕርያቸው ብቻ በመመርመርና በመለየት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ለቆዩ አባላችን ነው። ጥያቄዎቹ በቀረቡበት ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዶክተር፣ ከእነዚህ ዘዴዎች የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? የሚፈልጉት ሕዋስ ከጎረቤቱ የሚለየው በመጠን፣ በእፍጋት፣ በልስላሴ ወይስ በኤሌክትሪክ ባሕርይ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ልመልስልዎ አልችልም።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ዘዴው አዲስ ስለሆነ ገና ወደ እኛ አልደረሰም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ባይጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዋላስ ኩልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ይኸው ነው፦ በጨው ውሃ ውስጥ ያለ ሕዋስ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ እርሱ ራሱ ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ፣ በቀዳዳው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ይቀንሳል፤ የቅነሳው ልክም የሕዋሱን መጠን ይነግረናል። መጠኑን እንጂ ማንነቱን አይነግረንም፤ ይህን ደጋግሜ ስለምናገር አትሰልቹ። ከዓመታት በፊት ከባድ የደም ማነስ የነበረባት ታካሚ ናሙና ደርሶኝ ማሽኑ ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትንሹ የደም ክፍል) በቂ ነው አለ፤ እኔም አምኜ ላክሁት። በማግሥቱ ስሚር (በስላይድ ላይ በስሱ የተቀባ ደም) ሠርቼ በዘይት ሌንስ ሳይ፣ በአንድ እይታ የማገኘው ፕላትሌት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነበር፤ የቀረው የተሰባበረና እጅግ ያነሰ ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ማሽኑ ስብርባሪውን በመጠኑ ብቻ ለክቶ ፕላትሌት ብሎ ቆጥሮታል። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን ስላይዱን በዚያው ቀን ያላየሁት የእኔ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ መለያ ካልተለጠፈበት ሕዋሱ አይጎዳም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በጠባብ መስመር ሲገፋ ይጨመቃል፣ በሌዘር ሲያዝ ይሞቃል፣ በኤሌክትሪክ መስክ ለመለየት ብዙ ጊዜ ጨው ባነሰውና ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ስለምንነክረውም ከቆየ ይዳከማል። ከሥራው በፊትና በኋላ የሞቱትን ቁጠሩ።

አስተያየት (ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)፦ የሞቱትን የምንቆጥረው የሞቱ ሕዋሳትን ሰማያዊ በሚያደርገው በትራይፓን ብሉ ከሆነ ቀለም ተጠቀምን ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ያለ መለያ የሚለው ስም ምን ትርጉም አለው?

አስተያየት (ከልደታ)፦ ወንድሜ፣ ቀለሙ የሚነካው ለቁጥጥር የተቀነሰችውን ጠብታ እንጂ ወደ ካልቸር (ሕዋሳት ወደሚያድጉበት ፈሳሽ) የሚገባውን ናሙና አይደለም።

አስተያየት (ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)፦ ጠብታዋ ናሙናውን በትክክል እንደምትወክል በምን እናውቃለን? ደለሉ ከታች ሲዘቅጥ ከላይ ከቀዳን የምንቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

መልስ፦ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፣ ከዚያ ቅዱ። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ በወባ የተያዘ ቀይ የደም ሕዋስን ያለ መለያ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጥገኛው ሄሞግሎቢንን ሲበላ የሚተርፈውን ብረት ያዘለ መርዛማ ክፍል፣ ሂምን፣ ሄሞዞይን ወደሚባል ጥቁር ቡናማ ክሪስታል ይለውጠዋል፤ በማይክሮስኮፕ ላይ የምታውቁት ጥቁር ነጠብጣብ እርሱ ነው። በክሪስታሉ ያለው ብረት ወደ ማግኔት ይሳባል፤ ኦክስጅን የያዘ ጤናማ ሕዋስ ግን አይሳብም። ስለዚህ በጠንካራ ማግኔት መካከል በተቀመጠ፣ የብረት ጭረት በሞላበት ቱቦ ደሙን ብናሳልፍ፣ በጥገኛው የተያዙት ይቀራሉ፤ ማግኔቱን ስናነሣ በሕይወት ታጥበው ይወጣሉ። ችግሩ በቀለበት ደረጃ (በመጀመሪያው የዕድገት ደረጃ) ላይ ያለ ጥገኛ ገና በቂ ሄሞዞይን ስለሌለው ከጤናማዎቹ ጋር አብሮ ማለፉ ነው። ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ የጎለመሱት በትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቁ፣ ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ በብዛት የምናገኘው ያንኑ ቀለበት ነው። ቫይቫክስ በተባለው ሌላው ዓይነት ሁሉም ደረጃዎች በደም ውስጥ ስለሚዘዋወሩ የተሻለ ይሠራል። ሁለቱም በሀገራችን ስላሉ፣ ማግኔቱ ምንም አልያዘም ብላችሁ ታካሚው ወባ የለበትም እንዳትሉ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሕዋሳቱን በፈሳሽ በምናሳልፍበት ቀጭን መስመር ስንሠራ የአየር አረፋ አስቸገረን። ሕዋሳቱም በኢንኩቤተር (በማሳደጊያው ሣጥን) ውስጥ ደስተኞች አይደሉም።

መልስ፦ «ደስተኛ አይደሉም» የሚባል መለኪያ አላውቅም፤ አረፋውን ግን ልንገርዎ። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት ከተማ ነው የምንሠራው፤ የአየር ግፊታችን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ፈሳሽ በመስመሩ ውስጥ ሲሞቅ ያመቀውን አየር ይለቃል፤ በስሪንጅ ሲስቡት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፈሳሹን አስቀድመው ወደ ክፍሉ ሙቀት ያምጡት፣ ከመሳብ ይልቅ ይግፉት። የኢንኩቤተሩም ነገር ከዚሁ ይነሣል፦ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ የሚሰጠው ግፊት በባሕር ወለል ከሚሰጠው ያነሰ ስለሆነ የካልቸሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ይላል፣ ማለትም አሲድነቱ ይቀንሳል፤ ተመጣጣኙን ለማግኘት ወደ 7 በመቶ መጠጋት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ፒኤቹን ይለኩ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስሉን አይቶ ሁሉንም አይለይልንም?

መልስ፦ ያስተማራችሁትን ያህል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ሻጭን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ሕዋሱ ይጎዳል ወይ የሚለው ግልጽ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። በፊትና በኋላ የሞቱትን ቁጠሩ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ቅድም ላልመለሱልኝ ጥያቄ ሥራዬን ልግለጽ፤ ሊምፎሳይትን (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ) ከቀይ ሕዋስ ለይቼ ካልቸር ማድረግ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ እመልስልዎ ነበር። ለዚህ ቀጭን መስመርም ማግኔትም አያስፈልግዎትም። እፍጋቱ በሚሊሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፈሳሽ ላይ ደሙን ሳይቀላቅሉ በቀስታ ደርበው ሴንትሪፊውጅ ያድርጉ፤ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሊምፎሳይቱ ከሌላው ነጭ ሕዋስ ከሞኖሳይት ጋር በነጭ ስስ ደመና መልክ ከፈሳሹ በላይ ይቀራል። ሲቆም ደመናው እንዳይናወጥ የሴንትሪፊውጁን ፍሬን ያጥፉ።