የሳር ማጨድ ሥራና የወጪ ደብተር፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ሰላም ጀመዓ! ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆቴል፣ የሎጅና የመኖሪያ ግቢ ሳር በማጨድና በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። ከዚያ በፊት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። «ስለ ወጪ አያያዝ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። በምሳሌ የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ የያዝኳቸው ናቸው። የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙብኝ፤ ገበያው ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ አንድ ማሽን አለኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር እንሠራለን። ሥራ አለ፣ ብርም ይገባል። ወር ሲያልቅ ግን ኪሴ ባዶ ነው። ከየት ልጀምር?

ከኪስህ ጀምር። የሥራው ብርና የቤቱ ብር አንድ ቦታ ላይ እስካሉ ድረስ ማንም ሒሳብ አዋቂ አያድንህም። ለሥራው ብቻ የሚሆን አንድ የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳብ ይኑርህ። ደንበኛ ወደዚያ ብቻ ይክፈል። ለራስህና ለጓደኛህ ደመወዝ ቁረጡ፣ እሱን ወደ ቤት ውሰዱ። ሽንኩርትና ዘይት ከሥራው ሒሳብ አይገዛም።

ቀጥሎ ደብተር። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ግቢ፣ ምን ተገዛ፣ ስንት ብር፣ ደረሰኝ አለው ወይስ የለውም። ዋናው «ግቢ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ቤንዚን 600» ብሎ ጽፎ ይተዋል። የየትኛው ግቢ ቤንዚን? እሱን ካልጻፍክ የትኛው ደንበኛ እያበላህ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ እየበላህ እንደሆነ መቼም አታውቅም። እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ዓምድ ነው የምይዘው።

ከሐይቅ፦ ለአንድ ግቢ ያወጣሁትን እንዴት ነው የማሰላው? እኔ ቤንዚንና የቀን ሠራተኛ ብቻ ነው የምቀንሰው።

አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከደሴ ተነስተህ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ታጭዳለህ እንበል። ሎጁ 3,000 ብር ይከፍላል። ሥራው ለማሽኑ 4 ሰዓት ይፈጃል። ቤንዚን 4 ሊትር፣ ሊትሩን በ130 ያዘው፣ 520 ብር። ሁለት የቀን ሠራተኛ በ500፣ 1,000 ብር። ድምሩ 1,520 ነው። «1,480 አተረፍኩ» ብለህ ደስ ብሎህ ትመለሳለህ።

አሁን የተረሳውን እንጨምር። ማሽኑን ጭኖ ለመሄድና ለመመለስ 600። ምሳ 300። ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለምላጭ መሳያ በሰዓት 25 ብር ብትመድብ 100። የቀረው ማሽኑ ራሱ ነው። በ60,000 ብር ገዝተኸው እስኪወድቅ 600 ሰዓት ይሠራል ብለህ ብታስብ እያንዳንዱ ሰዓት 100 ብር ይበላል። ለ4 ሰዓት 400። ሁሉም ሲደመር 2,920። ከሎጁ የተረፈህ 80 ብር ነው።

ዋጋ ጨምሩልኝ ማለት አንዱ መንገድ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። እኔ መጀመሪያ የማየው ትራንስፖርቱን ነው። ሐይቅ ላይ ሁለተኛ ግቢ ፈልግና ሁለቱን በአንድ ቀን አድርጋቸው። 600 ብሩ ለሁለት ይካፈላል። ደንበኛው «ሐሙስ ካልሆነ» ቢልህ እንኳ ለምን ማክሰኞ እንደምትመጣ አስረዳው፤ አብዛኛው ይስማማል።

ከኮምቦልቻ፦ ቤንዚን ማደያ ሳጣ በሃይላንድ ከሚሸጡት እገዛለሁ። ውድ ነው፣ ደረሰኝ የለውም። ምን ብዬ ልጻፈው?

በከፈልከው ዋጋ ጻፈው፣ ደረሰኝ የለውም ብለህ ምልክት አድርግበት። ለገቢዎች ማስረጃ አይሆንህም፤ ላንተ ግን እውነተኛው ወጪህ እሱ ነው። በማደያ ዋጋ እየጻፍክ በሃይላንድ ዋጋ ብትገዛ ደብተርህ እየዋሸህ ነው። ከማደያ ስትቀዳ ደግሞ ክፍያው በዲጂታል ስለሆነ መዝገቡ ስልክህ ላይ ይቀራል፤ ወር ሲያልቅ አውጥተህ አስተያየው። በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ሥራው ከመድረሱ በፊት ጠይቀህ ተዘጋጅ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጉድለቱን ለመሙላት ብሎ ደረሰኝ መግዛት ወንጀል ነው። እሱን ነገር ከእኔ ጋር አታውሩ።

ከደሴ፦ ያው ማሽን ነው። ደሴ ላይ ሲሆን ግን ጉልበት ያጥረዋል፣ ቤንዚንም የሚበላ ይመስለኛል። እውነት ነው ወይስ ሠራተኛው እየቀዳ ነው?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል! ሠራተኛውን ከመጠርጠርህ በፊት ግን አየሩን ጠርጥር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር በሚያደባልቀው ዕቃ) የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ ላይ ሩቡን አጣ ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከቤንዚኑ ጋር ያለው ሚዛን ይዛባል፤ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው፤ ጥቀርሻ ለብሶ ጠቁሮ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ጥሩ መካኒክ ለከፍታው ያስተካክልልሃል። የቆሸሸ ፊልትሮም ያንኑ ያደርጋል፤ በበጋ አቧራ ደግሞ ፊልትሮ ቶሎ ነው የሚደፈነው።

ለዚህ ነው ሊትርና ሰዓት አብራችሁ ጻፉ የምለው። ኮምቦልቻ በሰዓት ስንት፣ ደሴ በሰዓት ስንት? አንድ ወር ከጻፍክ በኋላ ቁጥሩ ደሴ ላይ ድንገት ቢዘል ወይ ፊልትሮው ነው፣ ወይ ጀሪካኑ ነው። ያኔ መጠየቅ ትችላለህ፣ በባዶ ሜዳ ግን ሰው አታስቀይም።

በትከሻ የሚያዘውን ማጨጃ የምትጠቀሙ ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቀውን ዘይት አትርሱ። እንደ ማሽኑ 1 ለ25 ወይም 1 ለ50 ነው፣ መመሪያውን ተመልከቱ። በሊትር 40 ወይም 20 ሚሊ ሊትር ይገባል ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ በዓመት ግን ትደመራለች። የናይሎን ክሩም እንደዚሁ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የሠራተኛ ቡናና ጫት ወጪ ላይ ይገባል?

ሃሃ! ይህ ጥያቄ ከወሎ ካልመጣ ከየት ይመጣል? አንተ የምትከፍል ከሆነ፣ አዎ፣ ደብተርህ ላይ ይግባ። ቡናና ምሳውን ለየግቢው አካፍለው። ጫቱን ግን ለብቻው መስመር ስጠውና ወር ሲያልቅ ድምሩን አንብበው። ከዚያ ወዲያ ምክር አያስፈልግህም። ምላጭ የሚሽከረከርበት ማሽን የያዘ ሰው ከሥራ በፊት ምን ቢይዝ ይሻላል የሚለውን ደግሞ ለአንተ እተወዋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ በየሳምንቱ እቁብ እጥላለሁ። ወጪ ነው አይደል?

አይደለም። ብሩ ያንተው ነው፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። «እቁብ» የሚል ሌላ ገጽ ክፈትና እዚያ ጻፈው። ሲወጣልህም ገቢ አይደለም። በእቁብ ብር ማሽን ከገዛህ ማሽኑ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፣ በሰዓት እየተከፋፈለም ወደ ወጪ ይገባል። እድር ግን የቤትህ ጉዳይ ነው፣ ከደመወዝህ ክፈል።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ትልቅ ድርጅት ሲከፍለኝ ቅድመ ግብር ብሎ ቆረጠብኝ። ይህንን ኪሳራ ብዬ ልጻፍ?

በፍጹም። ያ ዊዝሆልዲንግ ነው። ባንተ ስም አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከሚጠበቅብህ ግብር ላይ ይቀነስልሃል። ደረሰኙን ሳትይዝ ግን ከዚያ ግቢ እንዳትወጣ። «ነገ ና» ቢሉህ ነገ ሂድ። ገቢህን ስትጽፍ ሙሉውን ዋጋ ጻፍ፣ የተቆረጠውን በሌላ መስመር።

ከወልድያ፦ ልጄ፣ እኔ በጡረታ ነው ይህን ሥራ የጀመርኩት። ክረምት ላይ እጄ አያርፍም፣ በጋ ላይ ሥራ የለም። በጋውን ሠራተኛ በምን ልያዘው?

ጋሼ፣ የጠየቁት ዋናውን ነገር ነው። በወሎ ደጋ ሳሩ ሁለት ጊዜ ነው የሚነሳው፤ በበልግና በክረምት። በልግ ከዘለለ ደግሞ የክረምቷ ብቻ ትቀራለች። ስለዚህ በአንድ አጨዳ ከሚከፈልዎ ይልቅ የዓመት ኮንትራት ይዋዋሉ። ክፍያው በየወሩ እኩል ይሁን። በክረምት በየሳምንቱ ያጭዳሉ፣ በበጋ አልፎ አልፎ እያጨዱ ውሃ ማጠጣት፣ ኩትኳቶና ጠርዝ ማስተካከል ይሠራሉ። ውሃውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ደሴ ላይ በቦቴ ውሃ አስገዝቶ ወጪውን ለአጫጁ የሚተው ግቢ አይቻለሁ።

ሌላው፣ የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የእኛ ዓመት የሚከፈተው ሥራ በሚበዛበት፣ ደብተር መጻፍ በሚሰለችበት ወር ላይ ነው። ሐምሌን ሳይጽፉ ያለፉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይወዛገባሉ። የልጅ ልጅ ካለዎ ማታ ማታ እሱ ይጻፍልዎ፣ እርስዎ ይንገሩት።

ደግሞ ደንበኛ «ይህን ሳምንት ይለፈን» ሲልዎ ዝም ብለው አይለፉ። በአንድ አጨዳ ከሳሩ ቁመት ከሲሶ በላይ መቁረጥ ሳሩን ይጎዳዋል። ክረምት ላይ አንድ ሳምንት ካመለጠ ሁለት ዙር ማጨድ ሊመጣ ነው። ቤንዚኑም ሰዓቱም ይጨምራል፤ ዋጋው ግን ያው የቀድሞው ይሆናል። ይህንንም ውሉ ላይ ያስገቡት።

ከኮምቦልቻ፣ የተደራጁ ወጣቶች፦ አምስት ነን። ብሩን የሚይዘው፣ የሚገዛውም፣ የሚጽፈውም አንድ ልጅ ነው። ታማኝ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አለ።

ታማኝነቱን ለማዳን ስትሉ ሥራውን ተከፋፈሉት። ብር የሚይዝ አንድ፣ የሚጽፍ ሌላ። ከባንክ ሲወጣ ሁለት ፊርማ። በየሳምንቱ ደብተሩ ላይ ያለውና ሒሳቡ ላይ ያለው ብር አምስታችሁም ባላችሁበት ይነጻጸር። ቡና እየጠጣችሁ ይሁን፣ ችሎት አታስመስሉት።

ከሐይቅ፦ ያጨድነውን ሳር ለከብት አርቢዎች እንሸጣለን። ከቤንዚኑ ላይ ቀንሼ ብጽፈውስ?

አትቀንሰው። ቤንዚን በቤንዚንነቱ፣ የሳር ሽያጭ በገቢነቱ ይጻፍ። ካጣፋሃቸው የቤንዚን ወጪህ የወረደ ይመስልሃል። ፀረ አረም የተረጨበትን ሳር ግን መለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ቀን ሳይሞላ ለከብት አትስጥ። የሰው ላም ብትታመም የሚመጣው ወጪ ደብተር አይችለውም።

ከደሴ፦ አንድ ጆንያ ዩሪያ ለብዙ ግቢ ነው የምጠቀመው። ወጪው የማን ነው?

በኪሎ። ጆንያው 50 ኪሎ ከሆነ ዋጋውን ለ50 አካፍል፣ ለየግቢው የወሰድከውን መዝን። ሚዛን ከሌለህ በአንድ ጣሳ አንድ ጊዜ አስመዝንና ከዚያ በጣሳ ቁጠር። ደንበኛ ግቢ ላይ ስትበትን ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም ወዲያው የምታጠጣ ከሆነ ይሁን፤ ዩሪያ ውሃ ሳያሰርገው መሬት ላይ ተበትኖ ሲቀር ናይትሮጂኑ ወደ አየር ይሄዳል፣ ብርህም አብሮ።

ከተለያየ ቦታ፦ ደብተር ይሻላል፣ ኤክሴል ወይስ የስልክ አፕ?

በዚያው ቀን የምትጽፉበት።

ከሐርቡ፦ ትንሽ የመኖሪያ ግቢ አለች፣ የቤት ጓሮ ነገር። ማሽን ይዤ ልሂድ ወይስ በማጭድ?

ማሽኑን በባጃጅ ጭነህ፣ ቤንዚን ቀድተህ፣ ለግማሽ ሰዓት ሥራ አስነስተህ ብትመልሰው ትራንስፖርቱ ብቻ ሥራውን ይበልጠዋል። እዚያው ሰፈር ያለ ማጭድ የሚችል ልጅ በግማሽ ቀን ይጨርሳታል። ጠርዙን በመቀስ ያስተካክል። እኔ ከማሽን ወደ ማጭድ የመለስኳቸው ግቢዎች አሉ። ማጭዱ የሚቸገረው ሰርዶው ሲረዝም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይሂድ። የልጁን ሒሳብም በዚያችው ግቢ ስም ጻፈው።