ከእሸት ቡና እስከ ኮንቴይነር፦ ዘላቂነትን ለቢዝነስ ተማሪ ከየት እንጀምርለት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ ኮሌጅ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት (የምርትና የአገልግሎት ሥራ አመራር) አስተምራለሁ። ዘንድሮ ስለ ዘላቂ ኦፕሬሽንና የአቅርቦት ሰንሰለት የሁለት ሳምንት ትምህርት በኮርሱ ላይ ተጨምሮብኛል። የያዝኩት መጽሐፍ ምሳሌዎቹን በሙሉ የወሰደው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ነው። ተማሪዎቼ ደግሞ «ይህ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ የመጣነው ስለ ትርፍ ልንማር ነው» ይሉኛል። ትርጓሜውን ካስጻፍኩ በኋላ ምን እንደማስተምር ግራ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል?
መምህር፣ ከአዳማ

መልስ፦ በመጀመሪያ ከትርጓሜው ባይጀምሩ እመክራለሁ። እኔም ይህን ትምህርት መጀመሪያ ያስተማርኩት እንደዚያ ነበር፤ ሰው፣ አካባቢ እና ትርፍ የሚሉትን ሦስት ክቦች በሰሌዳ ላይ ሣልኩ፣ በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የዘላቂ ልማት ትርጓሜ አስጻፍኩ፣ በፈተናም ጠየቅሁ፤ ሁሉም በቃላቸው ጽፈው መለሱልኝ። ከፈተናው በኋላ ግን አንድ ተማሪ «ለመሆኑ ኩባንያዎች ችግኝ ከመትከል ሌላ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያስተማርኩት በጎ አድራጎትን እንጂ ኦፕሬሽንን እንዳልነበረ ገባኝ።

ተማሪዎችዎ ትርፍን ማስቀደማቸው አያስከፋዎ። የጥሬ ዕቃ ሚዛን፣ ማነቆ (መላውን ሥራ የሚያዘገየው ደረጃ)፣ ወረፋ፣ ክምችት እና ጥራት የተባሉትን መሣሪያዎች ቀድመው ተምረዋል፤ የሚያስፈልገው እነዚሁኑ መሣሪያዎች ሁሉም በሚያውቀው አንድ ምርት ላይ ማሠራት ነው። እኔ ሁለቱንም ሳምንት የምሰጠው ለታጠበ ቡና ነው።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሒሳብ ይጀምሩ። አንድ ኪሎ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ የታጠበ ቡና ለማግኘት በግምት ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ለመልመጃ ያህል አንድ የማጠቢያ ጣቢያ በአንድ የለቀማ ወቅት 300,000 ኪሎ እሸት ገዛ እንበል። የሚወጣው 50,000 ኪሎ ነው፤ ይህም በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሰፈር ወደ 833 ጆንያ፣ አንዱ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ስለሚይዝ ደግሞ ሁለት ከግማሽ ኮንቴይነር ያህል ማለት ነው። ከዚያ «የቀረው 250,000 ኪሎ የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ከፊሉ በፀሐይ ደርቆ በንኖ የጠፋ እርጥበት ነው፤ የቀረው ግን ቅርፊት፣ ፍሬውን የሚሸፍነው ሙጫ እና ስስ ልባስ ነው። ጣቢያው የዚህን ሁሉ ዋጋ ለገበሬው ከፍሏል፤ ያጓጓዘውም በራሱ መኪና ነው። ትርፍን ያስቀደመው ተማሪ ስለ ብክነት ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ብስባሽ እናድርገው ይላል፣ ሌላው የማገዶ ከሰል። በሐረር በኩል ያደጉ ተማሪዎች ካሉዎት ደግሞ የቡና ቅርፊት እየተፈላ እንደሚጠጣ ለክፍሉ ይነግሩልዎታል።

ቀጥሎ ወደ ማነቆው ይምጡ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ በራሱ ሙቀት መብላላት ይጀምርና ደረጃው ይወርዳል። ገበሬው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለቅሞ የሚያመጣው ሲመሻሽ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ 12,000 ኪሎ በእኩል ፍሰት ቢገባና መፈልፈያ ማሽኑ በሰዓት 2,000 ኪሎ ቢሠራ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 6,000 ኪሎ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፤ ሥራው የሚያልቀውም ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ይህን በግራፍ ይሥሩት። ከዚያ ምን ይሻላል? ሁለተኛ ማሽን መግዛት ወይስ ራቅ ካሉት የመሰብሰቢያ ቦታዎች እሸቱ በጊዜ እንዲነሳ ማድረግ? የጣቢያው ኃላፊ ቸኩሎ ውኃውን በብዛት ቢለቅስ? የመጨረሻውን በተለይ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ማሽኑ ስለሆነ፣ የተጨመረው ውኃ ወረፋውን ሳያሳጥር ወደ ወንዙ የሚገባውን ፍሳሽ ብቻ ያበዛል።

ስለ ውኃው ጥቂት ልቆይ፤ የትምህርቱ እምብርት ይህ ነውና። የሚፈሰው መጠን እንደ ማሽኑ ዓይነትና ውኃው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንደ መዋሉ በእጅጉ ይለያያል። ለመልመጃው በኪሎ እሸት 10 ሊትር ብንወስድ ለወቅቱ 3 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። በውስጡ ያለው የፍሬው ስኳርና ሙጫ ነው፤ ወንዝ ሲገባ ተሕዋስያን እየበሉት በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ሲብላላም ውኃው ይኮመጥጣል፣ ይሸታል። ችግሩን የሚያብሰው የጊዜው አጋጣሚ ነው፤ በሲዳማና በይርጋጨፌ በኩል የለቀማው ሥራ የሚጦፈው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ወንዙም እየጎደለ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ፍሳሹ በሚበዛበት ወቅት የሚያቀጥነው ውኃ ያንሳል፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት ግን የሚጠጣው ያንኑ ነው። የአንድ ድርጅት ወጪ በድርጅቱ ሒሳብ ላይ ሳይመዘገብ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍበትን መንገድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። መፍትሔውም የኦፕሬሽን መፍትሔ ነው፦ ውኃውን መልሶ መጠቀም፣ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መቆፈር፣ በአንዳንድ ጣቢያዎች እንደሚደረገው ፍሳሹን እንዲጣራ ቬቲቨር የተባለ ሣር በተተከለበት መሬት ማሳለፍ።

ሁለተኛውን ሳምንት ለሰንሰለቱ ይስጡ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በደረጃና በአካባቢ መድቦ ሲያገበያይ፣ የብዙ አቅራቢዎች ቡና በአንድ ምድብ ይጠቃለል ነበር። በኦፕሬሽን ዓይን ይህ ክምችትን የማጣመር ጥበብ ነው፤ ግብይቱ ይፈጥናል፣ የዋጋ መረጃም ለሁሉም ይደርሳል። ጉዳቱ ደግሞ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ አለመታወቁ ነው። የቡና ግብይት ሕጉ በ2017 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የቀጥታ ትስስር (ላኪው ከአምራቹ በቀጥታ የሚገዛበት መንገድ) በር ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ደግሞ ጉዳዩን አጠበቀው። ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት አለመምጣቱን፣ የማሳውንም መገኛ ነጥብ፣ ማሳው ከ4 ሔክታር በላይ ከሆነ ወሰኑን ጭምር፣ አስመጪው እንዲያሳይ ይጠይቃል። ምንጩ ካልታወቀ ቡና ጋር መደባለቅንም አይፈቅድም።

ይህንንም ያስሉት። አንድ ገበሬ 300 ኪሎ የተዘጋጀ ቡና የሚሆን እሸት ያስገባል ብንል፣ አንድ ኮንቴይነር የ64 ገበሬዎች ማሳ ይጠይቃል፤ 100 ኪሎ ከሆነ 192። ሰብሳቢው ከአንድ ያልተመዘገበ ማሳ የመጣ እሸት በመኪናው ላይ ቢደባልቅ 320ውም ጆንያ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ክፍሉን ሦስት ቦታ ከፍለው ገበሬ፣ ላኪ እና ገዢ ያድርጓቸውና የማሳ ልኬቱን ወጪ ማን ይሸፍን ብለው ያከራክሩ። በእኔ ግምት ክርክሩ ከሞቀ ሰዓት አይበቃዎትም፤ ገዢ የሆነው ቡድን ወጪውን ወደ ላኪው፣ ላኪው ወደ አቅራቢው ሲገፋ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ዞሮ ገበሬውን ያያል። ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለት በሚል ስም የሚወጣ መስፈርት ከታች ያለውን ደካማ ወገን ከገበያ ሊያስወጣ እንደሚችል መጽሐፉ ምናልባት በአንድ አንቀጽ ይነካዋል፤ ተማሪዎቹ ግን በራሳቸው አፍ ተናግረውታል።

ከቡና ውጭ ተጨማሪ ምሳሌ ከፈለጉ ሁለት ይበቃዎታል። አንዱ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የሌለው በመሆኑ፣ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ሁለተኛው በአፕሪል 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ የተደረመሰውና ከ1,100 በላይ ሰዎች ያለቁበት፣ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት የራና ፕላዛ ሕንፃ ነው፤ ልብሱን ያዘዙ አንዳንድ ኩባንያዎች በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደሚሰፋላቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

ጥያቄ፦ የማኔጅመንት የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን «የዘላቂ አቅርቦት ሰንሰለት አሠራር በድርጅት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» በሚል ርዕስ ለመሥራት አስቤ መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ። ጥሩ ርዕስ ነው?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰፊ ነው። በዚህ ርዕስ የሚሠሩ ጽሑፎች አብዛኞቹ «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» የሚል ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ይበትናሉ፤ ሥራ አስኪያጁም ስለ ራሱ ድርጅት ሁሉንም ጥሩ ጥሩውን ይሞላል። እርስዎ በአንድ ቦታ አንድ ነገር ይለኩ። ለምሳሌ በአቅራቢያዎ ባለ የእንጀራ መጋገሪያ ድርጅት በየቀኑ የተጋገረውን፣ የተሸጠውን፣ ተበላሽቶ የተጣለውን እንጀራና የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡ። የሒሳብ መዝገቡን ለማሳየት የሚያመነታ ባለቤት የሚጣለውን እንጀራ ሲቆጥሩለት አይከፋውም፤ ውጤቱን እንደሚሰጡት አስቀድመው ቢነግሩት ይበልጥ ይተባበርዎታል። ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይመዝግቡ፤ ከተቻለም ግማሹ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ግማሹ ከገባ በኋላ ይሁን፤ ፍላጎቱ ሲቀያየር የትንበያ ስህተቱ ስንት እንጀራና ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚያስጥል ያን ጊዜ ማስላት ይችላሉ።