ዋኔዋን ከማየታችሁ በፊት ስሟት

የወፍ ጥናት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ባይኖኩላሩን አስቀምጡት። አዎ፣ አስቀምጡትና ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ላንጋኖ ዳር ገና ሊነጋጋ ሲል ተቀምጣችኋል እንበል። ግራሩ ላይ ሦስት ዋኔዎች አሉ። ሦስቱም ግራጫ ናቸው፤ ሦስቱም ማጅራታቸው ላይ ያቺ ጥቁር ግማሽ ቀለበት አለቻቸው። እኔ በወጣትነቴ ቀለበቷን ብቻ አይቼ ሦስቱንም በአንድ ስም መዝግቤ የአንድ ሳምንት ማስታወሻዬ ከንቱ ቀርቷል፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ጆሮ ብሰጣቸው ኖሮ እኮ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንዷ «ኩ-ኩርር-ኩ» እያለች ሦስት ሦስት አድርጋ ሳትታክት ትደጋግማለች። ሁለተኛዋ፣ ቀይ ዓይናዋ፣ ስድስት ምት ያለው ረዘም ያለ ሐረግ ነው ያላት። ሦስተኛዋ ደግሞ ጉሮሮዋ ውስጥ ውሃ የያዘች ይመስል እየተንከባለለ ቁልቁል የሚወርድ «ኩርርርር» ታሰማለች።

ድምፅ ዝርያ ከመለየት አልፎ ዝምድናም ይጠቁማል። ግን ቸኩላችሁ የዘር ሐረግ አትሳሉ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ ድምፅ የተወረሰ ነው ወይስ ከሌሎች ተሰምቶ የተለመደ?

የጎጃም ልጅ ሐረር ቢያድግ የሐረርን አነጋገር ይዞ ነው የሚያድገው። ብዙ ዘማሪ ወፎችም እንደዚሁ ናቸው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ዊሊያም ቶርፕ ቻፊንች የምትባለዋን የአውሮፓ ወፍ ከጫጩትነቷ ለብቻዋ ሲያሳድጋት የዘሯን ዜማ በቅጡ ማውጣት አቃታት። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌድ ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ ባወጣው ጥናት የዋኔ ጫጩቶች የሌላ ዝርያ አሳዳጊዎች ሥር አድገው እንኳ የራሳቸውን ዝርያ ድምፅ አወጡ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የዋኔ ድምፅ ከደሟ ጋር የመጣ ስለሆነ ስለ ዝምድና ስትጠይቁት የሚነግራችሁ ነገር አለው፤ የዘማሪ ወፍ ዜማ ግን ከጎረቤት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ዘማሪዎቹን የምታጠኑ ከሆነ ከዜማው ይልቅ አጫጭር ጥሪዎቻቸውን ብታስቀድሙ ይሻላል፣ እነሱ ብዙውን ጊዜ አብረው የሚወለዱ ናቸው።

ሳቂዋን ዋኔ ታውቋታላችሁ፣ ቆላው ሁሉ ሞልቷታል። ያ ፈጠን ያለ፣ ለስለስ ያለ ሳቅ የሚመስል ድምፅ ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር አይሄድም። ቀለበቷም እንደ እነሱ አይደለም፤ ነጠብጣቧ ደረቷ ላይ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት የቅርብ እህቷ ደቡብና ምሥራቅ እስያ ያለች ነጠብጣባም ዋኔ መሆኗን አሳየ። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱን ስፒሎፔሊያ በሚባል የራሳቸው ወገን ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው። ጆሮ የጠረጠረውን እንዲህ በዘረመል ማጣራት ነው እንጂ፣ ድምፅ ብቻውን አይፈርድም።

ስልካችሁ ለጅማሬ ይበቃል። ስትቀዱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እዚያው በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ማታ ላይ እጽፈዋለሁ ያላችሁት ይረሳል። ወፏ ዝም ስትል ደግሞ መቅጃውን ወዲያው አታጥፉ። ትንሽ ጠብቁ፣ ከማዶ ግራር የምትመልስላት አለች።