"ሲስተር፣ ወገቤን እያመመኝ ነርስ መሆን እችላለሁ?"

ባለፈው ሳምንት ናይት ጨርሼ ልብሴን ልቀይር ስል አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ግራ ቀኝ አየችና "ሲስተር፣ ወገቤን ያመኛል፣ ከሃይስኩል ጀምሮ ነው፣ ኤምአርአይ ተነስቼ የአከርካሪ ዲስክ ችግር ነው ብለውኛል፣ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፣ ነርስ መሆን እችላለሁ ወይስ ካሁኑ ልተወው?" አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር "ትችያለሽ፣ አይዞሽ" ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዲስኩ አይደለም የከነከነኝ፣ ዲስክማ ስንቱ አለው። "ለማንም አልተናገርኩም" ያለችው ነው።

እኔም አልተናገርኩም ነበራ። ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት ገደማ ወገቤ ይይዘኝ ጀመር፣ ካልሲ ለማድረግ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን በሁለት እጄ አንስቼ ጉልበቴ ላይ ነበር የማስቀምጠው፣ ዋርድ ስገባ ግን ቀጥ ብዬ ነው። ማስታገሻዬን፣ ዲክሎፌናኬን፣ ተደብቄ ወስጄ እየሳቅኩ እወጣለሁ። "እሷ ብረት ናት" ይሉኝ ነበር፣ ያቺ ቃል እንዴት እንደምትጣፍጥ አትጠይቁኝ።

አንድ ሌሊት ሁለት ሆነን ተረኛ ነበርን፣ እኔና ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ። ስትሮክ መቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ያለው፣ አንደበቱም የተያዘ ግዙፍ ሰውዬ አለን። ሊነጋጋ ሲል ከወንበር ወደ አልጋው ልንመልሰው ነው። ልጅቷ "ሲስተር፣ ከጎን ዋርድ አንድ ሰው ልጥራ?" አለችኝ። የአልጋው ማኒቬላ ተበላሽቷል፣ ከፍም ዝቅም አይልም፣ ወገቤ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስጠነቅቀኝ ነው የሰነበተው፣ እሺ ማለት እኮ አንድ ቃል ነው። "ሁለት ሆነን አንድ ሰው ያቅተናል እንዴ?" አልኳት። በግራና በቀኝ ብብቱ ስር ገባን (ያኔ እንደዛ ነበር የሚነሳው፣ አሁን ለሱ ትከሻም ለኛ ወገብም አደጋ ስለሆነ አድርጉ አይባልም)፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ከመቀመጫዬ እስከ ትንሿ የእግሬ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ወረደብኝና እግሬ ከዳኝ። ለቀቅኩት። ክብደቱ ሁሉ እሷ ላይ ሄደ፣ ተያይዘው ወረዱ። የሱ ቅንድብ የአልጋውን ብረት መታ፣ የሷ የእጅ አንጓ ወዲያው አበጠ።

የአደጋውን ኢንሲደንት ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በሽተኛው ያለ እርዳታ ለመነሳት ሲሞክር ወደቀ።" ልጅቷ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ባልታመመው እጇ ፈረመች። ሰውየውማ መናገር አይችልም።

ጠዋት ሚስቱ መጣች፣ ቅንድቡ ተሰፍቶ ስታየው "ምነው አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን ምን አስነሳህ!" እያለች ትቆጣዋለች። እሱ በደህናው እጁ ወደኔ ይጠቁማል፣ "እ… እ…" ይላል። "ምን ፈልጎ ነው ሲስተር?" አለችኝ። "ትራሱ አልተመቸውም መሰለኝ" አልኩና ትራሱን አስተካከልኩ። ስንት ትራስ አስተካክያለሁ በዕድሜዬ፣ ያንን ብቻ ነው የማስታውሰው። ልጅቷ ጥቂት ወር ቆይታ ለቀቀች፣ ሙያውንም ተወችው ሲሉ ሰማሁ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ትችያለሽ ያልኩትን አልመልስም ግን እንዲህ በደፈናው አይደለም። ኤምአርአይ ላይ ያለውን ቃል ብቻ አይተሽ አትደንግጪ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አይተው ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው አበጥ ብሎ ነው የተገኘው። ማንሳቱን ግን ፍሪ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 በሽተኛ በእጅ ሲነሳ ከዚህ አይለፍ ብሎ ያስቀመጠው ክብደት 16 ኪሎ አካባቢ ነው፣ እሱም ሰውየው ካልተወራጨና ሁሉም ነገር ከተመቸ። የመቶ ኪሎ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ይሄን ያህል ይመዝናል! ስለዚህ "በጉልበትሽ ተነሺ፣ ወገብሽን ቀጥ አርጊ" የሚሉሽ ልክ ቢሆኑም ብቻውን አያድንሽም፣ ማንሻ ማሽን፣ የሚያንሸራትት አንሶላ፣ ተጨማሪ ሰው ነው የሚያድንሽ። የወገብ መደገፊያ ቀበቶውንም ተይው፣ ከጉዳት ይጠብቃል የሚል በቂ ማስረጃ የለም።

ተማሪ ሳለን ክፍላችን ውስጥ ፋኖስ የያዘች የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሥዕል ነበረች፣ አስተማሪያችን ስለ ጥንካሬ ሲያወራ ወደሷ ነበር የሚጠቁመው። ከክራይሚያ ጦርነት ታማ ተመልሳ ከ1857 ጀምሮ ብዙውን ጊዜዋን አልጋ ላይ እንዳሳለፈች፣ የጀርባ ህመምም እንዳሰቃያት፣ ብዙውን ሥራዋን እዛው ሆና በደብዳቤና በቁጥር ሠንጠረዥ እንደሠራች ማንም አልነገረን። በ90 ዓመቷ ነው የሞተችው።

የዛሬ ልጆች ትንሽ ነገር ሲነካችሁ ሲክ ሊቭ ትላላችሁ እያልኩ አማችሁ ነበር፣ አሁንም አልፎ አልፎ አማችኋለሁ፣ እውነቱን ልናገር። አንዳንዶቻችሁ ስልክ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ውላችሁ ነው ወገቤን የምትሉት። ግን የምትናገሩ መሆናችሁ፣ እኔ ያልነበረኝ እሱ ነው። የባሰኝ ደግሞ እኔው ራሴ ባለፈው ወር አንዲት እናት ስትንሸራተት ማንንም ሳልጠራ ብቻዬን ሳብኳት፣ ሦስት ቀን አነከስኩ። ልማድ ክፉ ነው።

ሁሉም ነርስነት ማንሳት አይደለም። የአጥንት ዋርድና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይከብዱሻል፣ ክትባት፣ ተመላላሽ ክፍል፣ ኢንፌክሽን ቁጥጥር፣ ማስተማር አለልሽ። ከታመምሽም ቀን ሙሉ አልጋ ላይ አትዋዪ፣ ተንቀሳቀሺ። መድኃኒቱንም እንደኔ ደብቀሽ አትውሰጂ፣ እኔን ጨጓራዬን ጨርሶታል። ሽንት አልመጣ ወይም አልቆጣጠር ካለሽ፣ ብልትሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ፣ እግርሽ ከላላ፣ ሺፍቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ሰኞ ጠዋት ዋርድ ነኝ። ኤምአርአዩን ይዘሽ ነይ፣ ኃላፊዋ ጋ አብረን እንገባለን፣ መጀመሪያ የራሴን እነግራታለሁ።