በኤአይ ድምፅ ስለሚደወል ስልክ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁት በስልክ ሥራ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኤአይ እያናገረን የሚደወል ጥሪ በሕግ የተከለከለ ነው?

ያለ ፈቃድሽ ከተደወለ አዎ፣ እህቴ። በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ "ሰው ሠራሽ ወይም የተቀዳ ድምፅ" ይላል። ያኔ ኤአይን ማን ያስብ ነበር? የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ፌብሯሪ 8 ቀን 2024 ጉዳዩን ለየው፦ በኤአይ የተሠራ ድምፅም ሰው ሠራሽ ነው፣ ስለዚህ ሕጉ ይመለከተዋል። ለአደጋ ጊዜ የሚደረግ ጥሪ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ "አትደውሉልኝ" የሚባለው መዝገብ ላይ ብመዘገብስ?

ተመዝገብ፣ ነፃ ነው። ግን የፖለቲካና የበጎ አድራጎት ጥሪን አያስቆምም። ሌባ ደግሞ መዝገብ አያይም።

ጥያቄ፦ ኒው ሃምፕሻየር ላይ የተፈጠረው ምን ነበር?

ጃንዋሪ 2024፣ የፓርቲ ዕጩ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የባይደንን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ጥሪ ለብዙ መራጮች ደረሰ። "ድምፃችሁን ለኖቬምበር አቆዩት" ይላል። ያስደወለው ስቲቭ ክሬመር የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ነው። ኤፍሲሲ 6 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በክፍለ ግዛቱ የቀረበበትን የወንጀል ክስ በተመለከተ ግን በ2025 ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) ነፃ ብለውታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጥሪውን ያሳለፈው ሊንጎ ቴሌኮም ነው። ስክሪን ላይ የወጣው ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ኩባንያው "ደዋዩን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩም የእሱ ነው" የሚለውን ከፍተኛውን የማረጋገጫ ምልክት ሰጥቶት ነበር። 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። በር ጠባቂው ካላየ የሕጉ ጥንካሬ ምን ይፈይዳል? ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት እዚህ ጋ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ ፎርም ስሞላ ፈቅጄ ነበር። አሁን ሰለቸኝ።

ፈቃድህን ማንሳት ትችላለህ። "ከእንግዲህ አትደውሉ" በላቸው፣ ቴክስት ከሆነ "ስቶፕ" ብለህ መልስ። ከቀጠሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጻፍ፤ ቮይስሜይሉን አታጥፋ። ሕጉ በአንድ ጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ብለው ካደረጉት እስከ 1,500 ዶላር ለመክሰስ መብት ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ የልጄ ድምፅ "ታስሬያለሁ፣ ገንዘብ ላኪ" አለኝ። እሱ ግን ሥራ ላይ ነበር። እስካሁን ልቤ አልተረጋጋም።

እናቴ፣ እንኳን አልላኩ። በእንደዚህ ያለ ሰዓት ሕግ አይደርስልዎትም። ድምፅን ለመኮረጅ አጭር ቅጂ ይበቃል፣ ልጆቻችን ደግሞ ቲክቶክ ላይ ሲያወሩ ይውላሉ። ስክሪን ላይ የልጅዎ ቁጥር ቢወጣ እንኳ አይመኑ። ይዝጉትና እርስዎ ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉለት። ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ የምስጢር ቃል ተነጋገሩ፣ የትም ያልተጻፈ ይሁን። አገር ቤት የነበረው የጎረቤት ውሻ ስም ይሆናል።