ዲሹ ያሳያል፣ ኬላው ይከለክላል

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሳተላይት መገናኛ ሥራ ነው። የዱባይንና የሪያድን ኑሮ በስክሪን እያያችሁ ስትቆጩ ስሰማ የጋዛና የዌስት ባንክ ፍልስጤማውያን ትዝ ይሉኛል። ያንን ሀብት ከእናንተ በባሰ ሁኔታ ሲያዩ የኖሩት እነሱ ናቸው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ከናይልሳት ወይም ከአረብሳት የሚነሳው ሞገድ ኬላ አያውቅም፤ ሪያድ ላይ የሚያርፈው ያው ሞገድ ጋዛ ውስጥ ባለው በካን ዩኒስ የስደተኞች ካምፕ ጣሪያ ላይም ያርፋል። ዲሽና ሪሲቨር የገዛ ቤተሰብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም። መላክና መሄድ ሲመጣ ሁሉም ይቆለፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እስራኤልና ፍልስጤማውያን በተፈራረሙት ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት መሠረት፣ ፍልስጤማውያን አዲስ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የመላኪያ ሞገድ፣ የሚያገኙት እስራኤል ስትስማማ ነው። አዲስ አበባ 4ጂ የገባው በ2015 ነበር፤ ዌስት ባንክ ግን 3ጂን እንኳ ያገኘው በ2018 ነው። ጋዛ ያኔም 2ጂ ላይ ቀረች።

የሚታየውስ ምንድን ነው? ኤምቢሲን ውሰዱ፤ በ1991 ለንደን ተቋቁሞ ኋላ ወደ ዱባይ የገባ ጣቢያ ነው። የአረብ ሳተላይት ጣቢያዎች ማስታወቂያ ዓይኑን የሚጥለው ገንዘብ ባለው በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው ሸማች ላይ ነው። በረመዳን ማታ መኪናውና ቪላው ጋዛ ውስጥም ይታይ ነበር፤ ከ2007 ጀምሮ ተዘግታ በኖረችው፣ በ365 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በታጨቀባት፣ ከጦርነቱ በፊትም መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣባት በነበረችው ጋዛ። በ2023 የጀመረው ጦርነት ደግሞ ስንቱን ቤት ከነዲሹ አፈረሰው። ልጁ «እኛስ ለምን የለንም?» ሲለው አባት ምን ይመልሳል? «ተማርና ትደርስበታለህ» እንዳይል፣ የተማረውም የሠራውም የመውጫ ፈቃድ ካላገኘ ድንበሩን አያልፍም። ይህን ምኞት ቅናት የሚል ሰው ስሰማ እናደዳለሁ።

ከሁሉ የሚያመኝ ሌላ ነው። ያንን ሀብት በመገንባት የፍልስጤማውያን እጅ አለበት። ኢራቅ በ1990 ኩዌትን ከመውረሯ በፊት እዚያ 400,000 ገደማ ፍልስጤማውያን ይኖሩ ነበር፤ አስተማሪ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም ሆነው አገሪቱን አቁመዋል። የፍልስጤማውያን መሪ ያሲር አራፋት ወደ ኢራቁ መሪ ሳዳም በማዘንበላቸው፣ በ1991 ኩዌት ነጻ ከወጣች በኋላ አብዛኞቹ ተባረሩ፣ ወጥተው የነበሩትም እንዳይመለሱ ተከለከሉ። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አገር ሠርቶ ማቆምና በዚያ አገር የመኖር መብት ማግኘት ይለያያሉ፤ ስክሪኑ ይህን አይነግራችሁም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር፣ መሐመድ አሳፍ የተባለ የካን ዩኒስ ካምፕ ልጅ ቤይሩት ላይ የአረብ አይዶልን የዘፈን ውድድር አሸነፈ። ድንበር ላይ ተጉላልቶ ማጣሪያው ወደሚደረግባት ካይሮ ዘግይቶ ነበር የደረሰው፤ የገባውም የማጣሪያውን ሆቴል አጥር ዘሎ ነው። በዚያች ሌሊት የጋዛና የራማላ አደባባዮች በደስታ ተጥለቀለቁ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ያበደው ለሽልማቱ አይደለም። ሁልጊዜ ሲቀበል የኖረው ካምፕ አንዴ ላከ፣ የአረቡም ዓለም ሰማው።

እናንተን የሚያግድ እንዲያ ያለ አጥር የለም፤ መሄድ ከፈለጋችሁ አልከለክላችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ የመኖሪያ ፈቃዱ የታሰረው በየትኛው «ከፊል»፣ ማለትም ስፖንሰር በሚሆን አሠሪ፣ ነው? ቀጣሪ መቀየር ይቻላል? ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል? ደመወዝ ቢቀር ለማን ይከሰሳል? ደላላው በቃል የሚላችሁን ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ ውሉ በዐረብኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው ፊርማችሁን አታሳርፉበት።