ሐኪም እያለ ዱላ ምን ያደርጋል?

እህቴ፣ «ካዛንቺስ አካባቢ ሆስፒታል ልወልድ ነው፤ ሐኪም እያለ ዱላ ምን ታደርግልኛለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። (ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ «ደግሞ በምጥ ላይ ዱላ!» ብዬ ስቄ ነበር።)

ዱላ (doula) ማለት በምጥና በወሊድ ጊዜ እናትን የምትደግፍ ሴት ናት፤ አዋላጅ አይደለችም። አትመረምርም፣ መርፌ አትወጋም። ሥራዋ ካንቺ አለመለየት ነው። አዋላጇ ሌሎች እናቶችም አሉባት፤ ገባ ወጣ ትላለች። ዱላ ግን ወገብሽን ታሻለች፣ ውኃ ታቀምስሻለች፣ «ተነሺ፣ ትንሽ እንራመድ» ትልሻለች። ቀላል ይመስላል አይደል? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አይቷል። ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት በኦፕራሲዮን የመውለዳቸው ዕድል ቀንሷል፤ ምጣቸውም አጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እናትየዋ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ እናቴ በር ላይ ቀረች። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ብቻዬን አማጥኩ። ለሁለተኛው አክስቴ ገባች። እጄን ይዛ «ማርያም ማርያም» ስትል ሕመሙ ባይጠፋም ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ስለዚህ የዱላ ክፍያ ከከበደሽ ረጋ ያለች ዘመድ ምረጪ። ብቻ የምትደነግጥ አትሁን! ሆስፒታሉ ሰው ያስገባ እንደሆነም ከአሁኑ ጠይቂ። በሰላም ያገላግልሽ።